«ድክመትሽ ምንድን ነው?» ለከባድ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች እንዲህ ነው የምንዘጋጀው

ዓርብ ማታ የእህቴ ልጅ እኔ ጋ መጥታ አደረች። ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አላት፤ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ «እስቲ እኔ ጠያቂ ልሁን፣ አንቺ ተጠያቂ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?»

ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ እንደ ውዳሴ ማርያም ደገመችልኝ። «ድክመቴ ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ ማረፍ አለመቻሌ ነው።»

«የኔ እናት፣ ጠዋት ማጠብ የጀመርሽው ሰሃን እኮ እስካሁን ውሃ ውስጥ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን አሳዘነችኝ። ያቺን መልስ ከስልኳ ላይ አግኝታ ሌሊቱን ስትሸመድድ ነው ያደረችው። እኔ 11 ዓመት በአንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ያንኑ መልስ በአንድ ቀን ከአራት ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። አራተኛው ሲጀምር ከጎኔ ያለው ጠያቂ በብዕሩ ጠረጴዛውን ይነካል። ይቺ የእኛ ምልክት ናት።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው። እኔ፣ ሠራተኛውን የሚፈልገው ክፍል ኃላፊ፣ እና ከሌላ ክፍል የሚመጣ አንድ ሰው። እያንዳንዳችን ፊት ወረቀት አለ። ጥያቄዎቹ ተጽፈዋል። ከጎናቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሞላበት ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ቀጥሎ ደግሞ «ማስረጃ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ሰውየው «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫና እችላለሁ» ብሎ ሲጨርስ እዚያ ላይ ምን ልጻፍ? ባዶ ትቼው 4 ብሰጠው ኃላፊው «በምን?» ይለኛል። ስለዚህ 2 ይሆናል። ልጁ ግን ጥሩ የመለሰ መስሎት ደስ ብሎት ይወጣል።

ሌላው በሽታችን «እኛ» ማለት ነው። አስተዳደጋችን ነው። «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለናል። «ሪፖርቱን አዘጋጀን፣ ደንበኛውን አስረዳን፣ ችግሩን ፈታን» እንላለን። እኔም ትምህርት ጨርሼ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «እኛ» ስል ቆየሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ጠያቂ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ሌሎቹ ዛሬ አልመጡም። አንቺ ምን ሠራሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሳልሠራ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። የራሴን ለይቼ አስቤው ስለማላውቅ ነው። ሥራውን አላገኘሁትም።

እንግዲህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መልስ ከመሸምደድ በፊት የራሳችሁን ቀኖች ፈልጉ። ደብተር አውጡና ሦስት ቀን ጻፉ። አንዱ ስሕተት የሠራችሁበት ቀን ነው። ሁለተኛው ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት። ሦስተኛው አንድ የተበላሸ ነገር በእናንተ እጅ የተስተካከለበት። ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። ደሞዝ የተከፈለበት ሥራ መሆንም የለበትም፤ የዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥነት፣ የእናት ሱቅ፣ የእድር ጸሐፊነት፣ ሁሉም ይሆናል። ቀኑ በእውነት የነበረ ይሁን እንጂ።

የእህቴን ልጅ እንዲህ ስላት «ምንም የለኝም» አለችኝ።

«ስምንት ወር ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ አልነበርሽም?»

«አክስቴ ደግሞ፣ እሱ እኮ ሥራ አይባልም።»

ሲቪዋ ላይ እንኳ አላስገባችውም። የመውጫ ፈተና ማለፏን በትልቁ ጽፋለች፤ ፋርማሲዋን ደብቃለች። «ብር የጎደለብሽ ቀን የለም?» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«አለ እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ማሽኑ ያወጣው ዜድ ሪፖርት (የቀኑ ሽያጭ ድምር)ና መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር አልገጠመም። 1,450 ብር ጎደለ። ባለቤቱ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ብሏት ሄደ። አለቀሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ የቀኑን ደረሰኞች አንድ በአንድ ከቴሌብር መልእክቶቹ ጋር አመሳከረች። አንድ ደንበኛ በቴሌብር የከፈለው 1,450 ብር ማሽኑ ላይ እንደ ካሽ ተመዝግቦ አገኘችው። ብሩ አልጠፋም፤ ስልኩ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ትንሽ ደብተር ገዛች። በስልክና በባንክ የሚገባውን ሁሉ ሰዓቱን፣ የደረሰኙን ቁጥርና መጠኑን እየጻፈች ማታ ማታ ከማሽኑ ጋር ታስተያይ ጀመር። እስክትለቅ ድረስ አንድ ቀን አልጎደለባትም።

ቡናውን ትቼ አየኋት። ይሄ እኮ ልትቀጠርበት የምትሄደው ሥራ ራሱ ነው። የሒሳብ ሰዎች «ማስታረቅ» ይሉታል። ማንም ሳያስተምራት ሠርታው «ሥራ አይባልም» ትለኛለች።

አነጋገሩን ግን ማስተካከል ነበረብን። ስልኳን አውጥታ ድምፅዋን ቀዳች። የመጀመሪያው ንግግር አራት ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ስለ ባለቤቱ ክፋት ነው። ኤንጂኦ ቤት የሠራችሁ «ስታር» የሚሉትን አሠራር ታውቁታላችሁ። እኔ ለእሷ በቡና አማርኛ እንዲህ ብዬ ነገርኳት፦ ምን ገጠመሽ? ምን ይጠበቅብሽ ነበር? እጅሽ ምን ሠራ? መጨረሻው ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። የንግግሩ ሆድ ሦስተኛው ነው። አራተኛው ቁጥር ቢኖርበት ይመረጣል። ስድስተኛው ቅጂ አንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ። ባጭሩ እንዲህ የሚል፦

«ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሳለሁ አንድ ማታ 1,450 ብር ጎደለብኝ። በጠዋት ማስረዳት ነበረብኝ። የቀኑን ደረሰኞች ከቴሌብር መልእክቶች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። በስልክ የተከፈለ አንድ ሽያጭ በካሽ መመዝገቡን አገኘሁ። ስሕተቱ የራሴ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ የስልክና የባንክ ክፍያዎችን ለብቻ መዝግቤ ማታ ማታ ማስታረቅ ጀመርኩ። በቀሩት አራት ወራት ሒሳቤ ጎድሎ አያውቅም።»

እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የምጽፈው እኮ ሞልቷል! አንድ ነገር ልብ በሉ። ይቺው አንዲት ቀን «ስሕተት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ለሚለውም ትሆናለች፤ «በጫና ውስጥ እንዴት ትሠሪያለሽ?» ለሚለውም፣ «ያሻሻልሽው አሠራር አለ?» ለሚለውም። መነሻዋን ብቻ መቀየር ነው። ቃል በቃል ግን አትያዟት። ወረቀት ላይ አራት ቃል ብቻ ጻፉ፦ ጉድለት፣ ደረሰኝ፣ ደብተር፣ አራት ወር። የተሸመደደ ንግግር መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰውየው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። አይቼዋለሁ፤ ያሳቅቃል።

ፋርማሲውን ሲቪ ላይ ለማስገባት ማስረጃ ያስፈልጋት ነበር። ሠራተኛ ከጠየቀ አሠሪው የሠራውን ሥራ፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጠው እንደሚገባ ሕግ አለ። ሰኞ ሄደች፤ ማክሰኞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። ባለቤቱም እሷ እንደምትለው ክፉ አልነበረም።

ወደ ድክመት ልመለስ። ይሄ ጥያቄ የሚጠየቀው ራሳችሁን የምታውቁ መሆናችሁን ለማየት ነው። እውነተኛ ድክመት ንገሩን። ግን የሥራው ዋልታ የሆነውን አይሁን። አንድ ልጅ ለሒሳብ ሥራ መጥቶ «ቁጥር ይምታታብኛል» አለን። በጣም ወደድነው፤ አልቀጠርነውም። የእህቴ ልጅ ብዙ ካሰበች በኋላ እውነተኛውን አገኘችው፦ ያልገባትን ነገር ለመጠየቅ ትዘገያለች። ታፍራለች። የተመለሰ መድኃኒት እንዴት እንደሚመዘገብ ሳትጠይቅ ሁለት ሳምንት በስሕተት ስትመዘግብ ቆይታለች። አሁን ያልገባትን ቀኑን ሙሉ ትጽፍና ሥራ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ላይ ትጠይቃለች። ድክመቱ አለ፣ ያስከፈለው ዋጋ አለ፣ የያዘችው ዘዴ አለ። «ድሮ ነበረብኝ፣ አሁን ለቀቀኝ» እንዳትል ግን ከልክያታለሁ። ጸበል የተጠመቀች ያስመስላታል።

«ለምን ለቀቅክ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጎበዝ ሰው ይጥላል። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ዕቃ ቆጠራ ላይ የሚያህለው አልመጣም። ይህን ስንጠይቀው የቀድሞ አለቃውን አሥር ደቂቃ ሙሉ ወቀሰ። ስም ጠርቶ። አጠገቤ የተቀመጠው ጠያቂ ዝም ብሎ ሰማ። ልጁ ሲወጣ «ያ አለቃ አማቼ ነው» አለን። አዲስ አበባ እንዲህ ናት፤ ትልቅ መንደር። አማች ባይሆን አብሮ አደግ ይሆናል፣ አለዚያም የእድር ሰው።

ስላለፈው ቤት አንድ ጥሩ ነገር፣ የለቀቃችሁበትን አንድ ምክንያት፣ ከዚያ ፊታችሁን ወደዚህኛው ሥራ አዙሩ። ልጁ እንዲህ ቢል ኖሮ ይበቃው ነበር፦ «እዚያ ሦስት ዓመት ዕቃ ቆጠራ በደንብ ተማርኩ። የማድግበት መደብ አልነበረም። ማስታወቂያችሁ ሁለት መጋዘን ማስተባበር ይላል፤ የመጣሁት ለእሱ ነው።» ከተባረራችሁ ደግሞ አትዋሹ። ስልክ እንደውላለን። «በማርፈድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ነው የወጣሁት፤ ያኔ ሁለት ትራንስፖርት እቀይር ነበር፣ አሁን ቤት ቀይሬያለሁ» ያለን ሾፌር ዛሬም አብሮን ይሠራል።

በ2017 የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ሲቆም ከፕሮጀክት የወጡ ብዙ ሰዎች ፊታችን ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ፕሮጀክቱ ተዘጋ» በቂ መልስ ነው። ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ሥራ ያልነበራችሁበት ጊዜም እንደዚሁ ነው። «እናቴን ሳስታምም ነበር» ያለች ሴት በዚህ አገር ማንም ክፉ አያስባትም። ከዚያ ቀጥላ «አሁን ተሽሏታል፣ እህቴም አብራት አለች» ብትል ጠያቂው ውስጥ ውስጡን የሚያስበውን ጥያቄ ሳይጠይቅ መለሰችለት።

አሁን ደመወዝ። ማስታወቂያው «በስምምነት» ካለ ስምምነት ሁለት ሰው ይፈልጋል። «በድርጅቱ ስኬል» ብላችሁ ካለፋችሁ ድርጅቱ ለብቻው ተስማማ ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ መስክ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቁ። ደግሞ ያልተጣራና የተጣራ ለዩ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ20,000 ብር ደመወዝ ላይ 4,950 ብር ግብር ይቆረጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ ይኸውም 1,400 ብር። እጃችሁ የሚገባው 13,650 ነው። «20 ሺህ» ብላችሁ ስትናገሩ የቱን ማለታችሁ እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ። አንዲት ልጅ የተጣራ መስሏት ተስማምታ በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ቢሮዬ መጥታ አልቅሳለች።

ከስንት እስከ ስንት ብላችሁ ከተናገራችሁ የታችኛው ቁጥር ከልባችሁ የምትቀበሉት ይሁን። ምስጢር ላውጣ፦ እኛ የምንሰማው የታችኛውን ነው። የቀድሞ ደመወዛችሁን ስትጠየቁ ደግሞ አትጨምሩበት። የሥራ ልምድ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፎ ይመጣል።

«መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ቀላል ይመስላል። ሥራ ላይ ያለ ሰው «ነገ» ካለኝ ግን እኔንም አንድ ቀን እንዲሁ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ነው የምመጣው» ያለ ሰው እኔ ዘንድ ይጨመርለታል።

ለሴቶች ብቻ የሚቀርብ ጥያቄም አለ። «አግብተሻል? ልጅ አስበሻል?» አሳፋሪ ጥያቄ ነው፤ ከጠያቂዎቹ ወገን ሆኜ ነው የምለው። አዋጁ በፆታ ማዳላትን ይከለክላል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ መብት ነው። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ልጅ አዋጅ ብትጠቅስ ምን እንደሚደርስባት አልጠፋኝም። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት እንዲህ ብላ ወደ ሥራው እንድትመልሰው ነው፦ «የሥራ ሰዓቱን ለማክበር የሚያግደኝ ነገር የለም። መደቡ የመስክ ሥራ ወይም የማታ ሥራ ካለው ምን ያህል ጊዜ ነው?» ደግመው ደጋግመው ከጠየቋት ግን የዚያን ቤት ጠባይ ገና ሳትገባ አወቀችው።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ለሚለው ብዙ አትጨነቁ። መደቡ ላይ መማር የምትፈልጉትን አንድ ነገር ተናገሩና እለፉ። እኔ ራሴ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም።

አንዳንድ ቤት ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱን ቀኖቻችሁን በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ በልብ ማንበብ አይቆጠርም። መሐል ላይ ቃል ከጠፋችሁ «ይህን በአማርኛ ልጨርሰው?» ማለት ነውር የለውም። ጥያቄው ካልገባችሁም እንዲደገም ጠይቁ። «ትንሽ ላስብበት» ብሎ ጥቂት ሰከንድ ዝም ማለትም ይቻላል። ዝምታው ለእናንተ ነው የሚረዝመው፤ እኛ ያን ጊዜ እየጻፍን ነው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ስንል «የለኝም» አትበሉ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። እኔ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ምን ብሠራ ነው ጎበዝ የምትሉኝ?» ኃላፊው ቀና ይላል። አንዳንዴ እሱም አስቦበት አያውቅም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላንሳ፤ ተራ ነገር ይመስላል። «9:00» የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱፉን ለብሶ ከተፍ አለ። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጠብቀነው ሄደናል። ጥፋቱ የእኛም ነበር። መልእክቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቀኑንም፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ።

ሐሙስ የእህቴ ልጅ ከሚኒባስ ውስጥ ደወለችልኝ። አስቀድሜ አስጠንቅቄያት ነበር፦ እንደወጣሽ፣ ሳትረሺው፣ የጠየቁሽን ሁሉ ጻፊ። ሰባት ጥያቄ ጽፋለች። የጎደለውን 1,450 ብር ስትናገር አንደኛው ጠያቂ «ደብተሩ አሁን አለ?» ብሎ ጠይቋታል። ድክመቷን ስትናገርም ማንም ጠረጴዛ አልነካም። አንዱ ጥያቄ ግን ያልተዘጋጀንበት ነው።

«አለቃሽ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ መዝግቢ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ? አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ትንሽ ላስብበት አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«አሰብኩ።»

ረዳቱ «መገናኛ ወራጅ!» ሲል ተሰማኝና ስልኩ ተቋረጠ። ያቺን ጥያቄ ይዘን ቅዳሜ እንቀመጣለን። የቡናው ተራ የእሷ ነው።